የተነቀለው ፑሊ፦ የትንሿን ጀልባዬን ገመዶች እንደገና ስዘረጋ

ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ባለው ግቢያችን፣ በቆርቆሮው አጥርና በማድ ቤቱ መካከል፣ 3 ሜትር ከ30 ሳንቲ ሜትር የምትረዝም የሸራ ጀልባ በአራት አሮጌ ጎማዎች ላይ ተቀምጣለች። ክረምቱን በሙሉ በላስቲክ ተሸፍና ከረመች፤ እኔም ዝናቡ ጋብ ባለ ቁጥር ላስቲኩን እየገለጥኩ የመቆጣጠሪያ ገመዶቿንና በላይኛው ወለሏ፣ ማለትም በዴኳ ላይ የተተከሉትን ዕቃዎች አንድ በአንድ እየፈታሁ እንደገና ስሠራ ከረምኩ። ወደዚህ ሥራ የገፋኝ ባለፈው ግንቦት ላንጋኖ ሐይቅ ላይ የተነቀለ አንድ ፑሊ፣ ማለትም ገመድ የሚዞርበት መዘውር ነው።

ጀልባዋ ሚረር በሚባለው ንድፍ የተሠራች ናት። ንድፉን ጃክ ሆልትና ባሪ ባክኔል የተባሉ እንግሊዛውያን በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ያወጡት ሲሆን፣ ስሟም የመጣው ሥራውን ከደገፈው ከዴይሊ ሚረር ጋዜጣ ነው። ቀጭን ፕላይውድ በመዳብ ሽቦ እየተሰፋ፣ መጋጠሚያው በፋይበር ግላስና በሙጫ እየተደፈነ የሚሠራ በመሆኑ፣ ብዙ መሣሪያ የሌለው ሰው በቤቱ ሊሠራት ይችላል። እኔ የገዛኋት ግን ተሠርታ ያለቀችውን፣ አገር ለቅቀው ከሚሄዱ የውጭ አገር ቤተሰቦች ነው። ለአዲስ አበባ ነዋሪ የምትመችበት ትልቁ ምክንያት፣ አጭር ደቀል፣ ማለትም ሸራው የሚሰቀልበት ምሰሶ፣ እና በላዩ የሚወጣ ሁለተኛ እንጨት ስላላት፣ እንጨቶቿ በሙሉ ጀልባዋ ውስጥ ተጋድመው እስከ ላንጋኖ ድረስ በመኪና ሊጫኑ መቻላቸው ነው።

በዚያ ቀን ጠዋት ሐይቁ ጸጥ ያለ ነበር። ከሰዓት በኋላ ግን ነፋሱ በረታ፤ እኔና ታናሽ ወንድሜም ነፋሱን ከኋላችን አድርገን፣ ሸራውን ወደ ጎን ከፍተን ወደ ዳርቻው እንመለስ ነበር። ሸራው እንዲህ በሚከፈትበት ጊዜ የሸራውን እግር የሚይዘው አግዳሚ እንጨት፣ ቡም የሚባለው፣ ነፋሱ በገፋው ቁጥር ወደ ላይ ሊነሣ ይፈልጋል። ወደ ታች የሚይዘው ከደቀሉ እግር ተነሥቶ በሰያፍ ወደ ቡሙ የሚወጣ አንድ ገመድ ሲሆን፣ ኪከር ይሉታል። ኪከሩን ለማጥበቅ ስስብ ገመዱ በድንገት እጄ ላይ ላላ፤ ከደቀሉ እግር አጠገብ በአራት የእንጨት ቪስ ተይዞ የነበረው ፑሊ ቪሶቹን እንደያዘ ከዴኩ ተነቅሎ ወጣ። ቡሙ ወደ ላይ ተነሣ፤ የሸራው አናት ተጠማዝዞ ወደ ፊት ዞረ፤ ጀልባዋም ከጎን ወደ ጎን መዋለል ጀመረች። ወንድሜ ሸራውን ባያወርደው ኖሮ እንገለበጥ ነበር። ቀሪውን መንገድ በመቅዘፊያ ወጣን።

ዳርቻ ላይ ሆኜ የተነቀለበትን ቦታ ሳይ ደነገጥኩ። የቪሶቹ ርዝመት አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል እንኳ አይሞላም፤ የነከሱት ፕላይውድም ጠቁሮ፣ ርሶ፣ በጥፍር የሚፋቅ ሆኗል። ውኃ በቪሶቹ ቀዳዳ ለዓመታት ሲገባ ኖሯል ማለት ነው። ከላይ ግን ቀለሙ ያማረ ስለነበር፣ ሦስት ጊዜ ሐይቅ ላይ ስወጣ አንድም ጊዜ አልጠረጠርኩም።

ወደ አዲስ አበባ ስመለስ በመጀመሪያ ያደረግሁት ወረቀትና እርሳስ ይዞ መቀመጥ ነበር፤ ምን ያህል ኃይል በዚያ ፑሊ ላይ እንደነበረ ሳላውቅ መልሼ ልተክለው አልፈለግሁም። ገመድ በፑሊ ላይ ሲዞር ፑሊው የሚሸከመው ኃይል የሚወሰነው ገመዱ በታጠፈበት መጠን ነው። ገመዱ ሙሉ በሙሉ ዞሮ ወደ መጣበት አቅጣጫ ሲመለስ ፑሊው የገመዱን ጭነት 2 እጥፍ ይሸከማል፤ 90 ዲግሪ ሲታጠፍ 1.41 እጥፍ፤ 60 ዲግሪ ሲታጠፍ ልክ የገመዱን ያህል፤ 30 ዲግሪ ብቻ ሲታጠፍ ደግሞ ግማሹን ያህል። የእኔ ፑሊ ገመዱን ከላይ ተቀብሎ ወደ ኋላ፣ ወደ ተቀመጥኩበት የሚመልስ ስለነበር እጥፋቱ 90 ዲግሪ ይጠጋል። በገመዱ ላይ 30 ኪሎ ግራም ካለ፣ ፑሊው ከ42 ኪሎ ግራም በላይ ይሸከማል፤ አቅጣጫውም ወደ ላይና ወደ ኋላ በሰያፍ ነው። ቪስ ደግሞ የሚበረታው በጎን ሲገፋ ነው፤ ወደ ላይ ሲሳብ የሚይዘው የእንጨቱ ክር ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ስለ አየሩም ልናገር። ላንጋኖ ከባሕር ወለል በላይ 1,585 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ስለሚገኝ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው 15 በመቶ ገደማ የሳሳ ነው፤ ስለዚህ እኩል ፍጥነት ያለው ነፋስ የእኛን ሸራ የሚገፋው በዚያው መጠን ቀለል ባለ ኃይል ነው። በዚህ ተጽናንቶ ቀጫጭን ዕቃ መትከል ግን ስሕተት ነው፤ ምክንያቱም የነፋስ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ኃይሉ አራት እጥፍ ይሆናል፣ ከሰዓት በኋላ የሚነሣው ነፋስም የጠዋቱን እጥፍ ለመሆን ብዙ ጊዜ አይፈጅበትም።

ከዚህ በኋላ ሥራው ከላይ ሳይሆን ከሥር መጀመር እንዳለበት ገባኝ። ይህን በቃል ያስጨበጡኝ በሰፈራችን ቶርኖ ቤት ያላቸው፣ በወጣትነታቸው ምፅዋ ላይ በባሕር ኃይል መካኒክ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው። ለፑሊው ወፍራም የብረት መቀመጫ እንዲሠሩልኝ ሥዕል ይዤ ሄጄ ነበር። ሥዕሉን አገላብጠው አዩና፣ «ልጄ፣ ከላይ ያለውን አሳምረኸዋል፤ ከሥር ምን አለው?» አሉኝ። «ከሥር ምንም የለውም፣ ጋሼ፤ ቪስ ብቻ ነበር የያዘው» አልኳቸው። «እንግዲያው ይህን ትተህ የታችኛውን አምጣልኝ» ብለው ሥዕሉን መለሱልኝ። በሦስተኛው ቀን የታችኛውን ሥዕል ይዤላቸው ስሄድ፣ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ካለው አሉሚኒየም ከዴኩ ሥር ሆነው ብሎኖቹን የሚይዙ አራት ሳህኖች ቆርጠው፣ ማዕዘኖቻቸውን በሞረድ አክብበው ሰጡኝ። ማዕዘኑ ስለት ሆኖ ከቀረ ሳህኑ በተጫነ ቁጥር እንጨቱን ይበላዋልና።

የታችኛውን ሳህን ማስገባት ግን ቀላል አልነበረም። የሚረር ጀልባ ዙሪያዋን የተዘጉ የአየር ሣጥኖች አሏት፤ ብትገለበጥ እንዳትሰጥም የሚያደርጓት እነርሱ ናቸው። ዴኩ የፊተኛው ሣጥን ክዳን በመሆኑ ከሥሩ እጅ የሚገባበት መንገድ የለም። ስለዚህ በሣጥኑ ቁም ግድግዳ ላይ 12 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ቀዳዳ ቆርጬ፣ እየተሽከረከረ የሚዘጋ የፕላስቲክ ክዳን ገጠምኩለት። ሳህኑን ለማስገባት ብዬ የከፈትኩት ይህ ቀዳዳ ሌላ ጥቅምም አመጣ፤ ጀልባዋ ቤት ስትቀመጥ ክዳኑን ስለምከፍተው ሣጥኑ ውስጥ የሚታመቀው እርጥበት ይወጣል።

የበሰበሰውን ፕላይውድ ጤነኛ እንጨት እስካገኝ ድረስ ቆርጬ አወጣሁና በአዲስ ተካሁት። ከዚያም ለእያንዳንዱ 5 ሚሊ ሜትር ብሎን በቅድሚያ በ9 ሚሊ ሜትር ፑንታ ቀድጄ፣ ቀዳዳውን ኢፖክሲ በሚባል ወፍራም ሙጫ ሞላሁት፤ ኢፖክሲው ሲደርቅ መሐሉን በ5 ሚሊ ሜትር ፑንታ መልሼ ቀደድኩት። በዚህ መንገድ ብሎኑ የሚነካው ኢፖክሲውን ብቻ ነው፤ ማሸጊያው አንድ ቀን ቢከዳ እንኳ ውኃው ወደ እንጨቱ ሆድ የሚገባበት መንገድ የለውም። ጊዜ የሚወስድ ሥራ ነው፤ ለ16 ቀዳዳዎች ሁለት ቅዳሜና እሑድ ፈጅቶብኛል። ቢሆንም ከዚህ የተሻለ መንገድ አላገኘሁም።

ስለ ማሸጊያውም ጥቂት ልበል። ብዙ ሰው የሚመርጠው ሲሊኮን ነው፤ ሲሊኮን ግን አንድ ጊዜ እንጨቱ ላይ ከተቀባ በኋላ ቀለምም ሆነ ሙጫ እንዳይዝ ስለሚያደርግ እኔ የተጠቀምኩት ፖሊዩረቴን ነው። የቀዳዳውን አፍ በሰፊ ፑንታ በትንሹ ፈልፈል ማድረግ ያስፈልጋል፤ ማሸጊያው በዚያ ጉድጓድ ተሰብስቦ በብሎኑ አንገት ዙሪያ ቀለበት ይሠራል። ዳዶውን በመጀመሪያው ቀን በእጅ ብቻ አጥብቄ፣ ከዕቃው ሥር አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ማሸጊያ እንዲቀር አደረግሁ፤ በማግስቱ፣ ማሸጊያው ላስቲክ ሲሆን፣ ወንድሜ የብሎኑን ራስ ከላይ እንዳይዞር በካቻቢቴ ይዞልኝ ከሥር በ8 ቁልፍ ዳዶውን ብቻ አጠበቅሁ። ብሎኑ ከዞረ የተሠራው ቀለበት ይቀደዳል። ብሎኖቹ አይዝጌ ናቸው፤ ራሳቸው ላይ ኤ2 የሚል ምልክት አለባቸው። ለባሕር ጨው ሞሊብዲነም ያለበት ኤ4 ይመረጣል፤ ለሐይቅ ግን ኤ2 ይበቃል። በአሉሚኒየሙ ሳህንና በሮንዴላው መካከል የናይለን ሮንዴላ ጨምሬበታለሁ፤ ሁለቱ ብረቶች እርጥበት ባለበት ሲነካኩ አሉሚኒየሙ እየተበላ ነጭ ዱቄት ይሆናልና። ዳዶ፣ ሮንዴላ፣ ፑንታ፣ ካቻቢቴ እያልኩ ስጽፍ የጋራዥ ቋንቋችን ምን ያህል ከጣሊያንኛ እንደመጣ ይታየኛል፤ ደቀል የሚለውን የራሳችንን ቃል ግን በመጠቀሜ ደስ ይለኛል።

ዕቃው ከተተከለ በኋላ የገመዱ መንገድ ይመጣል፤ እኔ በበኩሌ ከጀልባ ሥራ ሁሉ አብልጬ የምወደው ይህንን ነው። ገመዱ ከእጅ ተነሥቶ ሸራውን እስኪነካ ድረስ የሚታጠፍበት እያንዳንዱ ቦታ ከእጃችን ኃይል የተወሰነውን ይበላል። ምን ያህል እንደሚበላ ለማየት በግቢያችን ካለው የባሕር ዛፍ አግዳሚ ላይ ፑሊዎችን እያሰርኩ፣ በአንዱ ጫፍ 20 ኪሎ ግራም የሚመዝን የውኃ ጀሪካን አንጠልጥዬ፣ በሌላው ጫፍ ተንጠልጣይ ሚዛን ይዤ ሳብኩ። ኩሽኔታ ያለው ፑሊ ጀሪካኑን ለማንሣት 21 ኪሎ ግራም ገደማ ጠየቀኝ፤ ኩሽኔታ የሌለው ተራ ፑሊ 24፤ ተራ የብረት ቀለበት ደግሞ 32። ልዩነቱ በአንድ እጥፋት ላይ ትንሽ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ገመዱ አራት ጊዜ ከታጠፈ የሚባዛ እንጂ የሚደመር አይደለም። የድሮው ኪከሬ ሁለት ቦታ በብረት ቀለበት ያልፍ ስለነበር ከምስበው ኃይል አብዛኛው እዚያው ይቀር ነበር ማለት ነው።

አዲሱን ኪከር በሁለት ደረጃ ሠራሁት። የመጀመሪያው ደረጃ በአንድ ፑሊ የሚያልፍ ቀጭን ገመድ ሲሆን ኃይሉን 2 እጥፍ ያደርጋል፤ የእርሱ ጫፍ በሁለት ፑሊ 3 እጥፍ ከሚያደርግ ሌላ ገመድ ጋር ይገናኛል። 2 በ3 ሲባዛ 6 እጥፍ ይሆናል። ያንኑ 6 እጥፍ በአንድ ረጅም ገመድ ብቻ ለማግኘት አምስት መዘውሮች ያስፈልጉ ነበር፤ በዚህ አሠራር ግን ሦስት ይበቃሉ፤ ፍትጊያውም በዚያው ልክ ይቀንሳል። የሚከፈለው ዋጋ የገመዱ ርዝመት ነው፤ የቡሙን ማሰሪያ 10 ሳንቲ ሜትር ለማሳጠር 60 ሳንቲ ሜትር ገመድ መሳብ አለብኝ። ኪከር የሚስተካከለው በጥቂት ሳንቲ ሜትሮች ስለሆነ ይህ አያስቸግርም። ሸራውን ራሱን ለሚስበው ለዋናው ገመድ ግን እንዲህ አላደርገውም፤ እርሱ በፍጥነት መለቀቅ ስላለበት እጥፋቱ ባነሰ መጠን ይሻላል።

ከኒንግሃም የሚባለው ገመድ የሸራውን የፊት ጠርዝ ወደ ታች ይወጥራል። ስሙ የመጣው በ1958 (እ.ኤ.አ.) ኮሎምቢያ በተባለችው ጀልባ የአሜሪካን ዋንጫ ካሸነፈው ከብሪግስ ከኒንግሃም ነው። ነፋሱ ሲበረታ ገመዱን ሳብ ማድረግ የሸራውን ሆድ ወደ ፊት ያመጣዋል፤ ለእርሱ 2 እጥፍ ይበቃኛል። የሸራውን እግር ወደ ኋላ ለሚስበው አውትሆልም እንዲሁ።

የገመዱ ዓይነት ከመንገዱ እኩል ያሳስባል። የድሮው ኪከር ከመርካቶ የተገዛ ነጭ ናይለን ነበር። ናይለን ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን ሲሳብ ይለጠጣል፤ ለመልሕቅ የሚያስመሰግነው ይህ ጠባዩ ለመቆጣጠሪያ ገመድ ጉድለት ነው፤ ነፋሱ በመጣ ቁጥር ገመዱ ይረዝማል፣ ቡሙም ይነሣል። ፖሊፕሮፒሊን ርካሽና ውኃ ላይ የሚንሳፈፍ ቢሆንም ፀሐይ ቶሎ ያደቀዋል። ቃጫ ደግሞ እርጥብ ሆኖ ከተጠቀለለ ይበሰብሳል። ስለዚህ በእጅ ለሚያዙት ፖሊስተር፣ ለኪከሩ የመጀመሪያ ደረጃና ሸራውን ለሚሰቅለው ገመድ ዳይኒማ የሚባለውን ሰው ሠራሽ ገመድ መረጥኩ፤ ሁለቱንም ከውጭ የመጣ ዘመድ በሻንጣው አመጣልኝ። ዳይኒማ በጣም ጥቂት ስለሚለጠጥ 4 ሚሊ ሜትሩ ለእኔ ጀልባ ከበቂ በላይ ነው። ነገር ግን ገላው አንሸራታች በመሆኑ ተራ ቋጠሮ ይሾልክበታል፤ የማይሾልክ ቋጠሮ ቢገኝ እንኳ የገመዱን ጥንካሬ ግማሽና ከዚያም በላይ ይቀንሳል።

ስለዚህ ዳይኒማ አይቋጠርም፤ ጫፉ ታጥፎ ወደ ራሱ ሆድ ይከተታል። ገመዱ እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ፣ መሐሉ ባዶ የሆነ ነው፤ ጫፉ በመሐሉ ሲገባ፣ በተሳበ ቁጥር የውጪው ጉንጉን የውስጡን አንቆ ይይዘዋል። የሚገባው ርዝመት የገመዱ ውፍረት 72 እጥፍ ቢሆን ይመከራል፤ ለ4 ሚሊ ሜትር ገመድ 29 ሳንቲ ሜትር ያህል ማለት ነው። ለዚህ ሥራ የተሠራ ልዩ መርፌ አለ፤ እኔ ግን የእናቴን ወስፌ ተውሼ ጉንጉኑን እያላላሁ፣ በሁለት የታጠፈ ቀጭን ሽቦ ጫፉን ጎትቼ አስገባሁት። እናቴ ሰፌድ የሰፋችበት ወስፌ ለዚህ ይሁን ስትል ፈቀደችልኝ፤ ሦስተኛውን ቀለበት ስሠራ አጠገቤ ተቀምጣ ጉንጉኑ እንዳይላላ በየስንት መሳብ እንዳለብኝ ያሳየችኝ እርሷ ናት። ከማስገባቴ በፊት የጫፉን ክሮች በየተራ እየቆረጥኩ አቀጠንኩት፤ ወፍራም ሆኖ ከቆመ ገመዱ እዚያ ቦታ ላይ በድንገት ይታጠፍና ይደክማል።

ከዚያ የገመድ መያዣዎቹ ቦታ ተራ መጣ። የእኔዎቹ በሞላ የሚዘጉ ሁለት ጥርሳም ጉንጮች ያሏቸው፣ ካም ክሊት የሚባሉት ናቸው። ገመዱ ወደ ጥርሶቹ ቀጥ ብሎ መግባት አለበት፤ ከጎን ከመጣ አንዱ ጉንጭ ብቻ ይሠራና ገመዱ ይፋቃል። በይበልጥ ያስጨነቀኝ ግን አለቃቀቁ ነበር። ነፋስ ድንገት ሲመታ ጀልባው ጠርዝ ላይ ተንጋልዬ ሳለሁ፣ ሳልነሣና ሳላይ በአንድ እጅ ወደ ላይ መንጭቄ መልቀቅ መቻል አለብኝ። ስለዚህ ምንም ነገር ሳልቀድ ክሊቶቹን በፕላስተር ለጥፌ፣ ሸራውን በግቢው ውስጥ ሰቅዬ፣ ጠርዙ ላይ ተቀምጬ ዓይኔን ጨፍኜ ሞከርኩ። የኪከሩን ሦስት ጊዜ አዛወርኩት። በመጨረሻ ያረፈበት ቦታ በወረቀት ካሰብኩት 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ነው። ኪከሩ ቀይ፣ ከኒንግሃሙ ሰማያዊ፣ አውትሆሉ አረንጓዴ ነው፤ ለእኔ ሳይሆን አዲስ ለሚሳፈር ሰው «ቀዩን ልቀቅ» ማለት እንዲቻል።

አንድ ነገር ልጨምር። ፀሐይ በከፍታ ትበረታለች፤ የአልትራ ቫዮሌት ጨረር በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ አዲስ አበባም ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ስለዚህ ገመዶቹን ጀልባዋ ላይ አልተዋቸውም፤ አጥቤ፣ በጥላ አድርቄ፣ በጆንያ አድርጌ ቤት ውስጥ አስቀምጣቸዋለሁ።

ባለፈው እሑድ ኪከሩን ሞከርነው። ቡሙ ላይ ሁለት ሙሉ ጀሪካኖች አንጠልጥለን፣ ገመዱን እስከ መጨረሻው ወጥረን፣ ከፑሊው ጎን በዴኩ ላይ በእርሳስ ስስ መስመር አሰመርኩ። ቶርኖ ቤት ያሉት ጋሼም መጥተው ነበር፤ በክቡ ቀዳዳ እጃቸውን አስገብተው ዳዶዎቹን አንድ በአንድ ዳሰሱ። ማታ ላይ ስመለስ ገመዱ እንደተወጠረ ነው፤ ፑሊውም ከእርሳሱ መስመር አልተነቃነቀም። አሁን የቀረኝ የፖሊስተሮቹን ጫፎች እንዳይተረተሩ በሰም በተነከረ ክር መጠቅለልና የአውትሆሉን ክሊት መትከል ነው። ለጥቅምት የመጀመሪያ ቅዳሜ የጎረቤታችን ፒክአፕ ተጠይቋል።